ክታቡን ትተን እንጨቱን እንይ

አጎቴ የአንገት መስቀል ይቀርጻል። አበርገሌ እያለ ከወይራ ቁራጭ አውራ ጣት የምታህል መስቀል ለማውጣት ሁለት ቀን ይፈጅበት ነበር። ኢንጂነሪንግ ስማር አንድ ክረምት ሄጄ «ይሄን እኮ ማሽን በአስር ደቂቃ ይጨርሰዋል» አልኩት። «የቱ ጋ ማቆም እንዳለበት ማን ይነግረዋል?» አለኝ። ፕሮግራሙን የጻፈው ሰው ነዋ! ጥያቄው ግን እሱ እንዳልነበር የገባኝ ቆይቶ፣ የሠዓሊ ዘሪሁን የትምጌታን የእንጨት ኅትመቶች ሳይ ነው።

ዘሪሁን እ.ኤ.አ. በ1941 አዲስ አበባ ተወለዱ፤ በ1968 ከሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተመረቁ። የእንጨት ኅትመት ያስተማሯቸው ካርል ሄንዝ ሃንሰን-ባሂያ ጀርመናዊ ናቸው። ብራዚል ኖረው የባሂያን ስም ከስማቸው ጋር ያጣመሩ፣ ከ1963 እስከ 1966 ደግሞ አዲስ አበባ ያስተማሩ ሰው።

ሥራው ሲነገር ቀላል ነው። ነጭ እንዲሆን የምትፈልገውን ቦታ በመሮ ትፈለፍላለህ። ሳይነካ የቀረው ቀለም ይቀባል፤ ወረቀት ላይ ሲታተም ግራ ቀኙ ይገለበጣል። አንዴ የወጣ እንጨት አይመለስም፤ ኮንትሮል ዜድ የለም። ስለዚህ እያንዳንዱ ነጭ መስመር የመጨረሻ ውሳኔ ነው።

ስለ ዘሪሁን ሲወራ ግን ወሬው ሁሉ ክታብና ምስጢር ነው። ምልክቶቹን እንደ እንቆቅልሽ ልንፈታ እንቀመጣለን። ምልክቶቹ እርግጥ አሉ። ቀጫጭን የቀርከሃ ዘንጎች አጋጥመው የሣሏቸው ሥራዎች በባለቤቱ ቁመት ልክ የሚዘጋጀውን ጠባብና ረጅም የብራና ክታብ ያስታውሳሉ። እኔን የሚይዘኝ ግን በዘንጎቹ መካከል ያለው ክፍተት ነው። ፊቱን፣ ዓይኑን፣ ጭምብሉን ሰንጥቆ ያልፋል፤ ልክ መሮ እንጨት ላይ እንደሚተወው መስመር። ብሩሽ ቢይዙም እጃቸው የቀራጭ እጅ ነው።

ቅሬታም አለኝ። አንዳንዶቹ የቀርከሃ ሥራዎች ላይ ጭምብሉም ምልክቱም ሲደራረብ ዓይን ማረፊያ ያጣል። ቀለም ሁልጊዜ መጨመር ያስችላል፤ እንጨት ግን ቁጠባ ያስተምራል። ለዚህ ነው ጥቁርና ነጩን የማስበልጠው።

አጎቴ በጦርነቱ ተፈናቅሎ ሰቆጣ ሲገባ የያዘው ቢላዋውን ብቻ ነበር። መስቀሎቹ እዚያው ቀሩ። ኅትመት ቢሆኑ ኖሮ ቢያንስ አንድ ቅጂ የሆነ ሰው ቤት ይገኝ ነበር፤ የሱ እያንዳንዷ አንድ ናት። አንዲቷን እንኳ ፎቶ አላነሳሁም። በዚያ ሁሉ ዓመት ስልክ በኪሴ ነበረ።

ባለፈው ልጠይቀው ስሄድ የዘሪሁንን ኅትመት በስልኬ አሳየሁት። ማንነታቸውንም የሥዕሉን ትርጉምም አልጠየቀኝም። በሁለት ጣቱ አስፍቶ መስመሮቹን አንድ በአንድ ተከተለ። «እንጨቱ ምንድን ነው?» አለኝ። አላውቅም አልኩት። «ጠንካራ ነው» አለ፣ አንዱን ማዕዘን እያሳየኝ፤ «እዚህ ጋ ታግሎታል።»