ሳይተያዩ የተዛመዱ አንባብያን

ወዳጅነት ከምን ይወለዳል ተብሎ ቢጠየቅ፣ አብዛኛው ሰው ከጉርብትና፣ ከአብሮ አደግነት፣ ከአበልጅነት ወይም ከጽዋ ማኅበር ይወለዳል ብሎ ይመልሳል። መልሱም ትክክል ነው፤ እነዚህ ሁሉ ሰውን ከሰው ጋራ የሚያስተያዩ፣ በአንድ ማዕድም የሚያስቀምጡ ናቸውና። ነገር ግን ዐይን ለዐይን ሳይተያዩና እጅ ለእጅ ሳይጨባበጡ፣ አንድ ዓይነት መጽሐፍ በመውደዳቸው ብቻ የተዛመዱ ሰዎች ደግሞ አሉ። የእነዚህ ሰዎች መዋደድ እውነተኛ ወዳጅነት ነው ወይስ በወረቀት ላይ የሚደረግ ጨዋታ? ለዚህ ጥያቄ ምስክር ሆኖ ሊቀርብ የሚችል አንድ ትንሽ መጽሐፍ ስላለ፣ እርሱን በዚህ ጽሑፍ እንመረምራለን።

መጽሐፉ «84 ቻሪንግ ክሮስ ሮድ» ይባላል። ያሳተሙት አሜሪካዊቷ ደራሲ ሚስ ሄሊን ሃንፍ ሲሆኑ፣ የታተመው በ1970 ዓ.ም. ነው። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው።) ርእሱ ሌላ ምሥጢር የለውም፤ የአድራሻ ስም ነው። በለንደን ከተማ መጽሐፍ ሻጮች በሚበዙበት በቻሪንግ ክሮስ ጐዳና፣ ማርክስ ኤንድ ኩባንያ የተባለው የአሮጌ መጻሕፍት መደብር የቤት ቍጥሩ 84 ነበረ። በመጽሐፉ ውስጥ ከ1949 እስከ 1969 ዓ.ም. ድረስ በደራሲዋና በዚህ መደብር ሰዎች መካከል የተመላለሱ ደብዳቤዎች ይገኛሉ። ተራኪ የለም፤ ሐተታም የለም።

ሚስ ሃንፍ በ1916 ዓ.ም. በፊላደልፊያ ከተማ ተወለዱ። ከፍተኛ ትምህርት ቤት ገብተው አንድ ዓመት እንደ ተማሩ ገንዘብ ስላጠራቸው አቋረጡ። ነገር ግን ከትምህርት ቤት መውጣት ከትምህርት መውጣት አይደለምና፣ ወደ ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሄደው የካምብሪጁ መምህር ሰር አርተር ኵዊለር ኩች ስለ ጽሕፈት ጥበብ የሰጡትን ትምህርት በመጽሐፍ ታትሞ አገኙ። መምህሩ በንግግራቸው መካከል የሚጠቅሷቸውን መጻሕፍት እየተከታተሉ ለማንበብም ቈረጡ። ወደ ኒውዮርክ ሄደው ተውኔት ቢጽፉ መድረክ አላገኘላቸውም፤ ኋላም ለቴሌቪዥን የወንጀል ምርመራ ታሪክ እየጻፉ ይተዳደሩ ጀመር። የሚፈልጓቸው የቀድሞ እንግሊዛውያን መጻሕፍት በከተማቸው ወይ በጣም ውድ ናቸው፣ ወይም የተበላሸ እትም ናቸው። በዚህም ምክንያት በአንድ መጽሔት ላይ የወጣውን የለንደኑን መደብር ማስታወቂያ አይተው ጥቅምት 5 ቀን 1949 ዓ.ም. የመጻሕፍት ዝርዝር ላኩ፤ ለአንዱም መጽሐፍ ከ5 ዶላር በላይ እንደማይከፍሉ አስታወቁ። መልሱ በዚያው ወር ተጻፈ፤ ከተፈለጉት ሁለት ሦስተኛው መገኘቱን ይናገራል፤ በግርጌው የጸሐፊው ሙሉ ስም እንኳ የለበትም፤ የስሙ መነሻ ፊደላት ብቻ ናቸው።

የዚህ ስም አልባ ጸሐፊ ማንነት ቀስ በቀስ የሚገለጥበት መንገድ የመጽሐፉ ዋና ውበት ነው። ሰውየው የመደብሩ መጽሐፍ ገዥ ሚስተር ፍራንክ ዶል ናቸው። አስተዋይ አንባቢ የደብዳቤዎቹን ሰላምታ ብቻ እየተከተለ ቢያነብ ታሪኩን ሁሉ ያገኘዋል። መጀመሪያ «ውድ እመቤት» ይላሉ፤ ቀጥሎ «ውድ ሚስ ሃንፍ» ይላሉ፤ በየካቲት ወር 1952 ዓ.ም. ግን «ሚስ» የሚለው ቃል ወድቆ በስማቸው ብቻ ይጠሯቸዋል። ለምን እስከዚያ ድረስ እንደ ዘገዩ ሲያስረዱም፣ የሚጽፉት ደብዳቤ ሁሉ ግልባጩ ከመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ስለሚገባ የሥራ አጻጻፍ ተገቢ መስሎ ስለ ታያቸው እንጂ በጠባይ ኰሪ ስለ ሆኑ አለመሆኑን ይገልጻሉ። መዝገብ ቤት በሚገባ የሚያውቀው የመሥሪያ ቤት ሰው ይህን ቦታ ሲያነብ ፈገግ ሳይል አይቀርም። ከሁለት ዓመት በላይ የፈጀው ይህ የአንድ ቃል መውደቅ፣ ሌላው ደራሲ በአንድ ምዕራፍ ሙሉ የማይገልጸውን የልብ መቀራረብ ይገልጻል።

ወዳጅነቱን ያጠነከረው ግን መጽሐፍ ብቻ አይደለም። ጦርነቱ ካበቃ በኋላ በብሪታንያ ምግብ እስከ 1954 ዓ.ም. ድረስ በራሽን ይታደል ነበር። ሚስ ሃንፍ ከአንድ እንግሊዛዊ እንደ ሰሙት ለአንድ ቤተ ሰብ በሳምንት የሚደርሰው ሥጋ 2 አውንስ፣ ለአንድ ሰው በወር የሚደርሰው እንቍላል አንድ ነው። ይህን እንደ ሰሙ፣ ራሳቸው መጻሕፍታቸውን በብርቱካን ሣጥን ላይ የሚደረድሩ ድኻ ደራሲ ሲሆኑ፣ ለገና በዓል ስድስት ፓውንድ የሚመዝን የዐሣማ ሥጋ ወደ መደብሩ ላኩ። ከላኩም በኋላ ድንገት ጭንቀት ያዛቸው፤ የባለቤቶቹ ስም ማርክስና ኮሄን መሆኑን ተመልክተው፣ ሰዎቹ እንደ አይሁድ ሥርዐት የሚመገቡ ቢሆኑ ምላስ ልላክ ወይ ብለው በጥድፊያ ጻፉ። የጾምንና የምግብን ሥርዐት ለሚያውቅ ለአገራችን አንባቢ ይህ ጭንቀት እንግዳ አይደለም። ስጦታ የሰጪው ደግነት ብቻ ሳይሆን የተቀባዩን ኑሮ ማወቅ ጭምር መሆኑን ያሳያል። ከዚያ በኋላ የመደብሩ ሠራተኞች አንዳንዶቹ ከሚስተር ዶል ተደብቀው ሳይቀር ይጽፉላቸው ጀመር፤ የሚስተር ዶል ባለቤት ጻፉ፤ የጎረቤት አሮጊት በእጃቸው የጠለፉት የጠረጴዛ ልብስ ባሕር ተሻግሮ ኒውዮርክ ደረሰ። አንድ የመጽሐፍ ትእዛዝ አንድ ቤት ሙሉ ዘመድ አፈራ።

የሁለቱ ጸሐፊዎች ቋንቋ እንደ ሰማይና ምድር የተራራቀ ነው። ሚስ ሃንፍ ይቀልዳሉ፣ ይቈጣሉ፣ ይጮኻሉ። የላቲኑን የቩልጋታ መጽሐፍ ቅዱስ ጠይቀው ሌላ የላቲን ትርጉም ቢደርሳቸው፣ የጥንቱን ንባብ ማን ነካው ብለው ቍጣቸውን ያወርዱታል። የሳሙኤል ፒፕስን የዕለት ማስታወሻ ሲጠብቁ ተቈራርጦ የተመረጠ እትም ቢመጣላቸው፣ ቈራጩን ሰው ይረግሙታል። ሚስተር ዶል ግን ቃላቸውን መጥነው፣ ስሕተቱን አምነው፣ ትክክለኛውን እትም ለማግኘት እንደሚጥሩ በእርጋታ ይመልሳሉ። ሃያ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ሲጻጻፉ አንዱ ሌላውን ለመምሰል አልሞከረም። ወዳጅነት መመሳሰልን ይጠይቃል የሚለውን አስተሳሰብ ይህ መጽሐፍ ያፈርሰዋል፤ ሁለቱ የተመሳሰሉት በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም መጽሐፍ ሙሉ፣ ንጹሕና በሚገባ የተሠራ መሆን አለበት ብለው በማመናቸው ነው። እንዲያውም የሚስ ሃንፍ ቍጣ የአክብሮት ምልክት ነው፤ ስለ መጽሐፍ ግድ የማይለው ሰው እትም ተቈረጠ ብሎ አይቈጣምና።

ሌላም ሊጠቀስ የሚገባው ነገር አለ። በ1951 ዓ.ም. የመደብሩ ሰዎች ጠርዙ በወርቅ የተቀባ የግጥም መጽሐፍ በስጦታ ላኩላቸው፤ የመታሰቢያውን ቃል ግን በመጽሐፉ ገጽ ላይ ሳይሆን በተለየ ካርድ ላይ ጻፉት። ሚስ ሃንፍ አመሰገኑ፤ ነገር ግን ቃሉ በመጽሐፉ ላይ ባለ መጻፉ አዘኑ፤ ነጋዴነታችሁ አሸንፏችሁ ዋጋው እንዳይቀንስ ፈራችሁ ሲሉም ወቀሷቸው። እሳቸው የቀድሞ ባለቤት ያሰመረበትን፣ በኅዳጉም ላይ የጻፈበትን መጽሐፍ ይወዳሉ፤ ከማያውቁት አንባቢ ጋራ ያገናኛቸዋልና። ይህ ስሜት ለእኛ ሩቅ አይደለም። በገዳማቶቻችንና በአድባራቶቻችን የሚገኙት የብራና መጻሕፍት ብዙዎቹ ያጻፋቸውን ሰው ስም፣ የጸሐፊውን ልመና፣ መጽሐፉን የሰረቀውንና የፋቀውን የሚያወግዝ ቃል በገጻቸው ይዘዋል። መጽሐፍ በእጅ ሲተላለፍ የሰዎችን ስም እየሰበሰበ ይሄዳል።

አሁን ወደ ተቃውሞው እንመለስ። አንድ ሰው ተነሥቶ፣ ይህ ንግድ እንጂ ወዳጅነት አይደለም፤ አንዱ ይሸጣል ሌላው ይገዛል ቢል፣ መልሱ ከደብዳቤዎቹ ይገኛል። ጥቂት ዶላር ለሚያስገኝ አንድ መጽሐፍ በየአውራጃው የመኳንንት ቤት መጻሕፍት ሲሸጡ እየዞረ፣ የአንዲትን ሴት ፍላጎት ለወራትና ለዓመታት በልቡ ይዞ የሚፈልግ ነጋዴ፣ ትርፉን ከገንዘብ ሌላ ቦታ ያገኘ ነጋዴ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ የበለጠ ይከብዳል። ሚስ ሃንፍ በ1953 ዓ.ም. ለንግሥቲቱ የዘውድ በዓል ወደ ለንደን ለመሄድ ያሰቡ ነበር፤ ለጥርስ ሕክምና ገንዘባቸው አልቆ ቀሩ። ከዚያም በኋላ ሁልጊዜ አንድ ምክንያት ተገኘ፤ ሁለቱም ሳይተያዩ ሚስተር ዶል በታኅሣሥ ወር 1968 ዓ.ም. ዐረፉ። በሩቅ ያለ ሰው መልካሙን ጠባዩን ብቻ ያሳያል፤ የቤት ጣጣ፣ የድካም ንጭንጭ፣ የኑሮ ሸክም በደብዳቤ አይታይም። ባለቤታቸው ወይዘሮ ኖራ ዶል ከባላቸው ሞት በኋላ በጻፉት ደብዳቤ፣ ፍራንክ በደብዳቤዎቹ እጅግ ይደሰቱ ስለ ነበረ አንዳንድ ጊዜ በሚስ ሃንፍ ይቀኑ እንደ ነበር ሳይሸሽጉ ተናግረዋል። ይህ ቃል ሊያሳስበን ይገባል። የሩቅ ወዳጅ ቀላሉን ድርሻ ይወስዳል፤ ከባዱን የሚሸከመው በቤት ያለው ሰው ነው። ይህን የማያስተውል የመጽሐፍ ወዳጅ፣ በወረቀት የሚያገኘውን ደስታ በአጠገቡ ላለው ሰው ከሚገባው ፍቅር ቈንጥሮ ሊወስድ ይችላል። ነገር ግን ወይዘሮ ኖራ ቅናታቸውን የገለጹት ለዚያችው ለቀኑባት ሴት መሆኑን እንመልከት። እንዲህ ያለ እውነት የሚጻፈው ለወዳጅ እንጂ ለባዕድ አይደለም። ስለዚህ ደብዳቤው የወዳጅነቱን ጉድለት ሲያሳይ እውነተኛነቱንም አብሮ ይመሰክራል።

በመጽሐፉ ውስጥ ከሁሉ የሚልቀው ገጽ ግን የሞቱ መርዶ የተጻፈበት ነው። በጥር ወር 1969 ዓ.ም. የመደብሩ ጸሐፊ ሚስተር ዶል ማረፋቸውን ካስታወቁ በኋላ፣ ሚስ ሃንፍ አዝዘዋቸው የነበሩት የጄን ኦስተን መጻሕፍት አሁንም እንዲፈለጉላቸው ይሹ እንደ ሆነ ይጠይቃሉ። ጥያቄው ከሥራ ልማድ የመጣ ነው፤ ማንም በጥበብ አላቀነባበረውም። አንባቢ ግን ልቡ የሚነካው በዚህ ቦታ ነው። ሰውየው አልፏል፤ የፈለጋቸው መጻሕፍት ገና ይፈለጋሉ። ልብ ወለድ ጸሐፊ ይህን ቢፈጥረው በዛ እንለው ነበር።

ጉድለቱንም መናገር የሐያሲ ግዴታ ነው። ከ1950ዎቹ አጋማሽ በኋላ ደብዳቤዎቹ ይሳሳሉ፤ ዓመታት በጥቂት ገጽ ይዘለላሉ፤ አንባቢም ቅርርቡ ቀዝቅዞ እንደ ሆነ ወይም ደብዳቤው ተመርጦ ወጥቶ እንደ ሆነ ለመለየት ይቸግረዋል። እንደዚሁም ደራሲዋ መጻሕፍቱን ያደንቃሉ እንጂ አይተነትኑም። ሃዝሊትን ወይም ዋልተንን ያላነበበ ሰው ይህን መጽሐፍ ጨርሶ ስለ እነርሱ የሚያውቀው ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ እነርሱን የማንበብ ፍላጎት ያድርበታል፤ ይህም ትንሽ ዋጋ አይደለም።

ሚስ ሃንፍ መጽሐፋቸው በእንግሊዝ አገር ሲታተም በ1971 ዓ.ም. ወደ ለንደን ሄዱ፤ ወይዘሮ ኖራንና ልጃቸውንም አገኙ። መደብሩ ግን ተዘግቶ ደረሱ። ታሪኩ በ1981 ዓ.ም. ለመድረክ፣ በ1987 ዓ.ም. ለፊልም ተሠራ፤ ደራሲዋም በ1997 ዓ.ም. ዐረፉ። ዛሬ በቦታው ላይ መደብሩን የሚያስታውስ ሰሌዳ ተለጥፎ ይታያል።

ዛሬ ደብዳቤ ዐይን ተርግቦ እስኪገለጥ ድረስ ባሕር ይሻገራል፤ አንባብያንም ከአገር አገር በቀላሉ ይገናኛሉ። ነገር ግን መንገዱ ስላጠረ ብቻ ወዳጅነት አይወለድም። የቻሪንግ ክሮስ ሰዎችን ያዛመዳቸው፣ አንዷ የምትፈልገውን ለይታ ማወቋ፣ ሌላው የሌለውን የለኝም፣ ያለውን አለኝ ብሎ በቅንነት መመለሱ፣ ሁለቱም መታገሣቸውና አንዱ ስለ ሌላው ማዕድ ማሰቡ ነው። ይህን መጽሐፍ ያነበበ መምህር ለተማሪው፣ ተማሪም ለጓደኛው፣ የመሥሪያ ቤት ሰውም በአጠገቡ ለሚሠራው ባልደረባ የወደደውን መጽሐፍ ሲያውሰው፣ በካርድ ላይ ሳይሆን በመጽሐፉ በራሱ ገጽ ላይ ስሙንና አንድ ቃል ይጻፍበት። ዋጋው አይቀንስም።