«መና»፦ አንድ ቃል ወይስ ሁለት?

መዝገበ ቃላት አዘጋጆችን ከሚያሳስቱ አጫጭር ቃላት አንዱ «መና» ነው። ለእስራኤላውያን በምድረ በዳ የወረደው ምግብ መና ይባላል፤ ልፋቱ ፍሬ ያጣበት ሰውም «ድካሜ መና ቀረ» ይላል። ሁለቱን በአንድ ዋና ቃል ሥር የሚያሰፍር አዘጋጅ፣ መናው ሲያድር ስለ ተላና ስለ ሸተተ ከንቱነትን ለማመልከት በቃ የሚለው ማብራሪያ ይቀናዋል። ዘፀአት 16፥20ም ምስክር ሊሆነው የመጣ ይመስላል። ይሁን እንጂ ከአንዱ ፍቺ ወደ ሌላው የተደረገውን ጉዞ የሚያሳይ የጽሑፍ ማስረጃ እስካልቀረበ ድረስ፣ ሁለቱ ለየብቻ መመዝገብ ይገባቸዋል።

የምግቡ ስም ሥርወ ቃልም እንደዚሁ ጥንቃቄ ይሻል። በዕብራይስጡ ዘፀአት 16፥15 ሰዎቹ «ማን ሁ» ተባባሉ፤ ይህም «ምንድር ነው?» ማለት ነው እየተባለ በብዛት ይጠቀሳል። ነገር ግን በዕብራይስጥ የተለመደው የ«ምን» መጠየቂያ «ማ» ነው፤ እዚያው ቁጥር ላይ «ምን እንደ ሆነ አላወቁም» ሲል የሚገኘውም ይኸው ነው። ስለዚህ ታሪኩ ስሙን ከጥያቄው ጋር በድምፅ ያጫውታል እንጂ የስሙን መነሻ ይነግረናል ለማለት ያስቸግራል። የሲና ዘላኖች በታማሪስክ ቁጥቋጦ ላይ ጥቃቅን ነፍሳት የሚያወጡትን ጣፋጭ ነጠብጣብ «መን» ይሉታል፤ የነፍሳት ሊቁ ቦደንሃይመርም እ.ኤ.አ. በ1947 ባሳተመው ጽሑፍ የመጽሐፉን መና ከዚሁ ጋር አገናኝቶታል። የግሪክ ተርጓሚዎች ጥያቄውን በራሳቸው ቋንቋ ስለ መለሱት የድምፁ ጨዋታ ጠፍቷል። በአማርኛ «ምን» እና «መና» ተቀራርበው ጨዋታው የተመለሰ ቢመስልም፣ አጋጣሚ ነውና በመዝገቡ ውስጥ ቦታ የለውም።

ከሁሉ የከፋው ግን የግሪኮችን «አምብሮሲያ» «መና» ብሎ መተርጎም ነው። የግሪኩ ቃል ከአሉታና «ሟች» ከሚለው ቃል የተሠራ ሲሆን፣ የማይሞቱትን አማልክት ምግብ ይሰይማል። መናን የበሉት ሰዎች ናቸው፤ እንደ በሉም እንደ ሞቱ ዮሐንስ 6፥49 በግልጽ ይናገራል። እንግዲህ ቃሉን እንዳለ «አምብሮሲያ» ብሎ፣ በመጀመሪያው ቦታ «የአማልክት ምግብ» የሚል ማብራሪያ ማከል ይበቃል።

የግሪኩ የወርቅ ማድጋ በግዕዝ «መሶበ ወርቅ» ሆኖ እስከ ውዳሴ ማርያም ዘልቆ የለምን? የሚል ይኖር ይሆናል። እውነት ነው፤ ዳሩ ግን በዚያ የተለወጠው ዕቃው ነው፤ በውስጡ ያለው መና እንደ ነበረ ቀርቷል።