የእንዶድ አረፋና ያልተነገረው ንብብር
ስለ ዕፀ መድኃኒት ጥናቶች የዘዴ አጻጻፍ የቀረበ ሂስ

በወገዳና በአካባቢዋ፣ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ፣ እንደ ሌሎቹ የአገራችን ደጋና ወይና ደጋ ቦታዎች ሁሉ እንዶድ ነባር የልብስ ማጠቢያ ነው። የደረቀው ፍሬ ተወቅጦ በቀዝቃዛ ውሃ ይዘፈዘፋል፤ ሲታሽም አረፋ ይደፍቃል። አረፋውን የሚፈጥሩት ሳፖኒን የተባሉት ንጥረ ነገሮች በአንድ ወገናቸው ውሃን፣ በሌላው ቅባትን የሚይዙ ናቸው። እድፍን ከሸማ የሚያስለቅቀው ይኸው ጠባይ በቤተ ሙከራ ውስጥ ተመራማሪውን ያስቸግረዋል። ውሃና አሟሚ በመለያ ፈነል ውስጥ ተናጠው በሁለት ንብብር መለየት ሲገባቸው፣ በመካከላቸው እንደ እርጎ የወፈረ ኢመልሽን ተፈጥሮ አልለይ ይላሉ።

ሂሱ የሚያተኩረው በዚህ ላይ ነው። በብዙ የዕፀ መድኃኒት ጥናቶች የዘዴ ክፍል፣ ዱቄቱ በሜታኖል ተዘፍዝፎ በኤቲል አሲቴትና በቡታኖል እንደተከፋፈለ በአንድ ዓረፍተ ነገር ተገልጾ ይታለፋል። ፈሳሾቹ ምን ያህል ጊዜ እንደቆዩ፣ በመካከል የቀረው ወፍራም ክፍል የት እንደደረሰ አይነገርም። ይህ ክፍል ተደፍቶ ከሆነ ዋናው ንጥረ ነገር አብሮት ሊሄድ ይችላል። እንዲህ ከሆነ በኋላ «ተክሉ ፈዋሽነት የለውም» የሚለው ፍርድ በተክሉ ላይ ሳይሆን በተደፋው ፈሳሽ ላይ የተሰጠ ነው።

የአሠራር ዝርዝር ውጤትን እንደሚወስን የእንዶድ ታሪክ ራሱ ይመሰክራል። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በአድዋ፣ ልብስ ከሚታጠብበት ሥፍራ በታች የቢልሃርዚያ አስተላላፊ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1974 በዚያው ከተማ በተካሄደው የመቆጣጠር ሥራ፣ ከ1 እስከ 6 ዓመት ባሉ ሕፃናት የበሽታው ስርጭት ከ50 ወደ 7 በመቶ ወረደ። በኋላ የተደረጉ የኬሚስትሪ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ ባልተፈጨው ፍሬ ውስጥ ያሉት ሳፖኒኖች ቀንድ አውጣን አይገድሉም። ፍሬው ተፈጭቶ በቀዝቃዛ ውሃ ሲዘፈዘፍ ግን የራሱ ኢንዛይም ወደ ገዳይ ዓይነት ይለውጣቸዋል። የፈላ ውሃ ወይም አልኮል ይህን ኢንዛይም ያግደዋል። ስለዚህ «የእንዶድ ጭማቂ» የሚለው ስም ብቻውን ምንም አያስረዳም።

ንብብሮቹ አልለይ ሲሉ መፍትሔው በትዕግሥት ይጀምራል። ሜታኖል ከውሃም ከአሟሚውም ጋር ስለሚዋሐድ አስቀድሞ ተንኖ መውጣት አለበት። ቅባቱ በፔትሮሊየም ኤተር ታጥቦ፣ ደቃቁ ብናኝም ተጣርቶ ቢወገድ ችግሩ ይቀንሳል። ፈነሉን በኃይል ከመናጥ ይልቅ በዝግታ መገልበጥና በየመካከሉ የታመቀውን ትነት ማስወጣት ይገባል። ኢመልሽኑ ከጸና ጥቂት የተጠናከረ የገበታ ጨው ሙሙት ይጨመራል፤ ካልበቃም በሴንትሪፉጅ ይሽከረከራል። ይሁን እንጂ ጨው በውሃው ክፍል ውስጥ ስለሚቀር ክብደቱንም የሙከራውንም ውጤት ሊያዛባ ይችላል፤ በመሆኑም መጨመሩ መጻፍ፣ ጨው ብቻ ያለበት ማነጻጸሪያም አብሮ መፈተን አለበት። ክሎሮፎርም ከውሃ በታች ሲዘቅጥ ኤተር፣ ኤቲል አሲቴትና ቡታኖል ከላይ ይሰፍራሉ። የትኛው የውሃው ክፍል እንደሆነ ከተጠራጠሩ፣ ጥቂት ውሃ ጨምሮ የትኛው እንደጨመረ ማየት ይበቃል። ሥራው ተፈጽሞ እስኪረጋገጥ ድረስ ግን የትኛውም ንብብር መደፋት የለበትም።

ይህ የኬሚስቶች ጉዳይ ብቻ መስሎ ሊታይ ይችላል። ሆኖም በአገራችን እንዶድ ለውርጃና ለሌሎች ሕመሞች በአፍ የሚወሰድበት ጊዜ አለ፤ ተመርዞ የሚመጣውንም በሽተኛ የሚቀበለው የገጠር ጤና ባለሙያ ነው። ባለሙያው ስለ ጉዳቱ ለማወቅ ጥናት ሲያነብ፣ የተፈተነው ከየትኛው ንብብር የወጣ ጭማቂ እንደሆነ ካልተጻፈለት፣ በሽተኛው ከጠጣው ብጥብጥ ጋር ሊያመዛዝነው አይችልም።

የጥናት ጽሑፍ መርማሪዎች ስለ ናሙናው ብዛት እንደሚጠይቁ ሁሉ ስለ ፈነሉም ሊጠይቁ ይገባል። ተመራማሪውም «ንብብሮቹ አልተለያዩም፤ ይህ ተደረገ» ብሎ ቢጽፍ እውነተኛነቱን ያረጋግጣል እንጂ ድክመቱን አያጋልጥም። ሌላው ባለሙያ ያንኑ ተክል ይዞ ያንኑ ውጤት ማግኘት የሚችለው ይህ ሲጻፍለት ነው።