የጤና ፖሊሲ ልምምድና የክረምቱ ወራት፦ ከጅማ ተሞክሮ አንጻር የቀረበ ሂስ

የመስክ ልምምድ በሥርዓተ ትምህርት ውስጥ ቦታ የሚሰጠው ተማሪው በክፍል የቀሰመውን ዕውቀት በሥራ ላይ እንዲፈትነው ነው። ስለሆነም ልምምዱ ሊመዘን የሚገባው በቀናቱ ብዛት ሳይሆን፣ ተማሪው የተላከበት ሥራ በሚከናወንበት ጊዜ ተገኝቶ ለማየት በመቻሉ ነው። የኮሌጅ ተማሪዎች በክረምት ዕረፍታቸው በጤና ጽሕፈት ቤቶች ተመድበው የፖሊሲን ሥራ ይለማመዱ የሚለው ሐሳብም በዚሁ ሚዛን ሊታይ ይገባዋል።

የጤና ባለሙያዎችን በኅብረተሰቡ መካከል ማሠልጠን ለኢትዮጵያ አዲስ አይደለም። በ1954 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና ሳኒታሪያኖችን በቡድን ያሠለጥን ነበር። በ1983 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የጅማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ደግሞ ኅብረተሰብ ተኮር ትምህርትን የሥርዓተ ትምህርቱ ምሰሶ አደረገ። ኢንስቲትዩቱ በ1999 እ.ኤ.አ. ከጅማ እርሻ ኮሌጅ ጋር ተዋሕዶ ዩኒቨርሲቲ ከሆነ በኋላም መርሁ ጸንቷል።

የጅማው አሠራር ዋነኛ ብርታት የመስኩን ሥራ ከራሱ ከሥርዓተ ትምህርቱ ጊዜ ቆርሶ መስጠቱ ነው። ተማሪዎች በየደረጃው ወደ ቀበሌዎች እየወጡ የጤና ችግሮችን ያጠናሉ፤ ዕቅድ ያወጣሉ፤ ዕቅዱን ይተገብራሉ፤ ውጤቱንም ይገመግማሉ። በመጨረሻም የልዩ ልዩ ሙያ ተማሪዎች በአንድነት እንደ አጋሮ፣ አሰንዳቦና ሸቤ ባሉ ጤና ጣቢያዎች ይሠለጥናሉ።

ይሁን እንጂ አሠራሩ በይበልጥ የሚያተኩረው በቤተሰቡ ላይ ነው። በጅማ ከተማ በጊንጆ ጉዱሩ ቀበሌ መጸዳጃ የሌላቸውን ቤቶች የሚቆጥር ተማሪ ጉድለቱን ያውቃል፤ ጉድለቱ ከዓመት ዓመት እንዲዘልቅ ያደረገው ውሳኔ በማንና በየትኛው በጀት እንደ ተወሰነ ግን የቤት ለቤት መጠይቁ አይነግረውም። ደጁን ከፍቶ ለጥያቄ መልስ የሰጠ ነዋሪም የሰጠው መረጃ የት እንደ ደረሰ ሊሰማ ይገባዋል። በመሆኑም የፖሊሲ ልምምድ የሚሞላው እውነተኛ ክፍተት አለ።

ችግሩ ወቅቱ ነው። የኢትዮጵያ የበጀት ዓመት የሚጀምረው ሐምሌ 1 ቀን ነው። ጥያቄ የሚቀርብበት፣ ክርክር የሚደረግበትና አንዱ ሥራ ተመርጦ ሌላው የሚቀርበት ጊዜ ከዚያ በፊት ያሉት ወራት ናቸው። በሐምሌ የሚደርሰው ተማሪ ያለቀ ሰነድ ይጠብቀዋል፤ ፋይል ያደራጃል እንጂ ውሳኔ ሲወለድ አያይም። በአንጻሩም በአገሪቱ የወባ ሥርጭት በአመዛኙ የሚያይለው ዝናቡ ካበቃ በኋላ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ ተማሪው ወደ ክፍሉ ተመልሷል።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅንም ሌላ ምሳሌ ይሆናል። መድኅኑ በ2011 እ.ኤ.አ. በሙከራ ሲጀመር ከተመረጡት ወረዳዎች አንዱ የጅማ ዞኑ ሊሙ ኮሳ ነበር። ቡና አምራቹ ቤተሰብ ገንዘብ በእጁ የሚገባው በአመዛኙ በለቀማው ወራት፣ ከጥቅምት ጀምሮ ነው። መዋጮው በየትኛው ወር ይሰብሰብ የሚለው ጥያቄ ቀላል የጽሕፈት ቤት ጉዳይ መስሎ ይታያል፤ ነገር ግን አንድ ቤተሰብ በመድኅኑ ለመታቀፍ መቻሉንና አለመቻሉን ሊወስን የሚችል የፖሊሲ ጥያቄ ነው። ክረምትን ብቻ የሚያይ ተማሪ ግን የነዋሪውን ባዶ ኪስ እንጂ የወቅቱን ዑደት አይረዳም።

ከዚህ በመነሣት ለሥርዓተ ትምህርት አዘጋጆች ሁለት ሐሳቦች ይቀርባሉ። አንደኛ፣ ልምምዱ ለሁለት ተከፍሎ አንዱ ክፍል በሚያዝያና በግንቦት በበጀት ዝግጅት ጊዜ፣ ሌላው በኅዳር በአፈጻጸም ጊዜ ይደረግ። ሁለተኛ፣ የትምህርት ዘመኑ ይህን የማይፈቅድ ሆኖ ልምምዱ በክረምት መካሄዱ ግድ ከሆነ፣ ለተማሪው የሚሰጠው ተግባር ከወቅቱ ጋር ይስማማ፤ ይኸውም የተጠየቀውን በጀት ከጸደቀው ጋር አስተያይቶ ልዩነቱን ማብራራትና ግኝቱን ለቀበሌው ነዋሪዎች በስብሰባ ማስረዳት ነው። ምዘናውም በጽሕፈት ቤቱ የመገኘት ፊርማ መሆኑ ቀርቶ፣ ነዋሪዎቹ ከተማሪው ማብራሪያ በተረዱት መጠን ይሁን።