ቃልን በአገባቡ ማወቅ

በቅኔ ቤት ግሥ ያወረደ ተማሪ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ቃልን ነጥሎ በቃል መያዝ አንድ ነገር ነው፤ ያው ቃል በአገባቡ ገብቶ ምስጢሩን ሲገልጥ ማየት ደግሞ ሌላ ነው። እንግሊዝኛን ለብዙ ዘመን ሳስተምር ይህ እውነት በባዕድ ቋንቋም እንደሚጸና ስለተረዳሁ፣ ልብ ወለድ እያነበቡ አዲስ ቃል ስለ መልቀም በአንድ ምሳሌ ላስረዳ እወዳለሁ።

ኧርነስት ሄሚንግዌይ በ1952 እ.ኤ.አ. ያሳተመውን «ሽማግሌውና ባሕሩ» የተባለውን መጽሐፍ፣ የደጋ ሰው ሆኜ ባሕርን በዓይኔ ሳላይ ባነበብሁ ጊዜ፣ ገና በመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር «ስኪፍ» የሚል ቃል ገጠመኝ፤ ነገር ግን ሽማግሌው በዚያ ላይ ብቻውን ሆኖ ሲያጠምድ 84 ቀን አንዳች ዓሣ ሳይዝ መቅረቱ እዚያው ስለተነገረ፣ ለአንድ ሰው የምትበቃ ትንሽ ጀልባ መሆኗን ለማወቅ መዝገበ ቃላት አላሻኝም። ቀጥሎ «ጋፍ» የሚለው መጣ። ስሙ ከዓሣ መውጊያው ጦር ጋር ተጣምሮ ስለተጠራ የአጥማጅ መሣሪያ መሆኑን ገመትሁ፤ መልኩ ግን አልታየኝምና በእርሳስ ምልክት አድርጌበት አለፍሁ። ከብዙ ገጽ በኋላ ሽማግሌው በውኃው ላይ የሚንሳፈፈውን ብጫ የባሕር ሣር በዚያው ጋፍ ስቦ ከውስጡ ጥቃቅን ሽሪምፕ ሲያራግፍ ባነበብሁ ጊዜ፣ ጫፉ ቆልማማ የሆነ ዘንግ በእጄ የጨበጥሁ ያህል ተገለጠልኝ። ማታ መዝገበ ቃላቱን ብመረምር፣ ጋፍ አንድም የዓሣ መሳቢያ ሜንጦ፣ አንድም የመርከብ ሸራ የሚወጠርበት እንጨት ሆኖ አገኘሁት፤ አስቀድሜ ገልጬው ቢሆን ኖሮ ከሁለቱ የትኛውን እንደምይዝ ባልታወቀኝ ነበር። መዝገቡ ትርጓሜውን ይደረድራል፤ የሚፈርደው ግን ንባቡ ነው።

ስለዚህ ለደቀ መዛሙርቴ የማስተምረው ሥርዓት ይህ ነው፦ ምዕራፉን ሳያቋርጡ አንድ ጊዜ መዝለቅ፤ ተመላልሶ የመጣውን ቃል ብቻ ምልክት ማድረግ፤ ግምትን አስቀድሞ በደብተር ጽፎ ከዚያ ከመዝገበ ቃላት ጋር ማመሳከር፤ በመጨረሻም ቃሉን ከነዐረፍተ ነገሩ መገልበጥ። በየመስመሩ መዝገበ ቃላት የሚገልጥ ሰው ታሪኩ ይጠፋበታል፤ ቃሉም አይቆይለትም።

አንባቢ ሆይ፣ የማታውቀው ቃል ቢገጥምህ መጽሐፉን አትክደን፤ ጥቂት ገጽ ታገሠውና ተመልሶ ሲመጣ ጠይቀው።