ከአብሌሽን በኋላ የሚነሣ ትኩሳት፦ ስለ ፖተር-ኤኤፍ ጥናት የቀረበ ሂስ

በ2023 እ.ኤ.አ. የታተመው ፖተር-ኤኤፍ፣ ለኤትሪያል ፊብሪሌሽን በካቴተር ከተደረጉ 553,729 አብሌሽኖች በኋላ 138 ታካሚዎች (0.025 በመቶ) የምግብ ቧንቧ ፊስቱላ እንደደረሰባቸው፣ ወደ ሁለት ሦስተኛ የሚጠጉትም እንደሞቱ ያስረዳል። ስፋቱ ያስመሰግነዋል። ሆኖም መረጃው የተሰበሰበው አብሌሽን ከሚሠሩ ማዕከላት በመሆኑ፣ ርቀው የሞቱ ሕሙማን ሳይቆጠሩ ሊቀሩ ይችላሉ። ምልክቱ የታየበት ሚዲያን ጊዜ 18 ቀን ነው፤ ያን ጊዜ ታካሚው ከቤቱ ገብቷል። ወባ በሚያጠቃው የራያ ቆላ፣ ዋጃ ላይ፣ ትኩሳት ቢይዘው አስቀድሞ የሚጠረጠረው ወባ ነው። ስለሆነም ትኩሳት ከደረት ሕመም ወይም ከስትሮክ ምልክት ጋር ሲታይ፣ ባለሙያው «ባለፉት ሁለት ወራት ልብዎን ታክመዋል?» ብሎ ሊጠይቅ ይገባል። መልሱ አዎን ከሆነ ታካሚው በአፍ ምንም ሳይወስድ፣ ኢንዶስኮፒም ሳይደረግለት፣ ለደረት ሲቲ ስካንና ለቀዶ ሕክምና በአስቸኳይ ይላክ።