ስለ እኛ የተሟገቱና ስለ ቃላችን የተሟገቱ



ባለፈው የስግድ በዓል ሰሞን፣ ከሃይፋ ወደብ በላይ ባለው የማኅበራችን አዳራሽ አምስት ፎቶግራፎች ጎን ለጎን ተሰቅለው ነበር። ከላያቸው በዕብራይስጥና በአማርኛ «የባህላችንና የቋንቋችን ባለውለታዎች» የሚል ጽሑፍ ተለጥፏል። ፎቶግራፎቹ የጆሴፍ ሃሌቪ፣ የያዕቆብ ፋይትሎቪች፣ የታምራት አማኑኤል፣ የዮና ቦጋለና የቮልፍ ሌስላው ናቸው። ግድግዳውን ያዘጋጁት ወጣቶች ያለ ምንም በጀት ብዙ ደክመዋልና በቅድሚያ ልናመሰግናቸው ይገባል። ሽማግሌዎች ከፎቶግራፎቹ ፊት ቆመው ሲመርቁም አይተናል። ይሁን እንጂ «የቋንቋችን» በሚለው ቃል ላይ ጥያቄ አለን፤ ጥያቄያችንም እነዚህን ታላላቅ ሰዎች ለማሳነስ አይደለም። ስለ አንድ ሕዝብ መሟገትና ስለዚያ ሕዝብ ቋንቋ መሟገት አንድ ነገር መስሎ ስለሚታይ ነው።

ለመሆኑ ቋንቋችን የትኛው ነው? ቤተ እስራኤል በቤቱ አማርኛና ትግርኛ ይናገራል፤ ቄሶቻችን የሚጸልዩት በግዕዝ ነው። ከእነዚህ ቀድሞ ግን አባቶቻችን የአገው ቋንቋ ይናገሩ ነበር፤ በየአካባቢው ቋርኛ ወይም ካይልኛ ይባል የነበረው ማለት ነው። ዛሬም በጸሎታችን መካከል ቄሱ በዜማ የሚያወጡት፣ ምእመኑም የሚቀበለው፣ ትርጉሙን ግን የማያውቀው የአገው ቃል አለ። እንግዲህ «የቋንቋችን ባለውለታ» ስንል ለየትኛው ቋንቋ ምን የዋለ ሰው እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በሃሌቪ እንጀምር። ከኤዲርኔ የመጣው ይህ ሊቅ በ1867 የአልያንስ ማኅበር ልኮት ወደ ኢትዮጵያ ገባ። ነጭ አይሁዳዊ ነኝ ቢል አባቶቻችን አላመኑትም፤ የኢየሩሳሌምን ስም ሲጠራ ነው ልባቸው የተከፈተው ይባላል። ይህን ታሪክ ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል። ብዙ የማይነገርለት ግን ሥራው ነው። በ1873 ስለ አገውኛችን ጥናት አሳተመ፤ በ1877 ደግሞ የግዕዝ ጸሎቶቻችንን ከዕብራይስጥ ትርጉም ጋር በመጽሐፍ አወጣ። ጸሎታችን በራሱ ፊደል ሲታተም ያ የመጀመሪያው ነበር። ግድግዳው ላይ ከፎቶግራፉ ሥር «ከዓለም አይሁድ ጋር ያገናኘን» ተብሎ ተጽፏል። እውነት ነው፤ ግን ከዚህ ይልቅ መጽሐፉ መጠቀስ ነበረበት።

እዚህ ላይ ብዙዎቻችሁን የሚያስከፋ ነገር እንናገራለን። ከሃሌቪ አስቀድሞ የአገው ቃላችንን ሰብስቦ ያሳተመው ዮሐን ማርቲን ፍላድ የተባለው ጀርመናዊ ሚስዮናዊ ነው። በ1866 ባወጣው አነስተኛ መጽሐፍ ስለ እኛና ስለ ቅማንት ጽፎ፣ መጨረሻው ላይ የሰዋስው መግለጫና የቃላት ዝርዝር አከለበት። ሰውየው የመጣው ከሃይማኖታችን ሊያስወጣን ነበር። አያቶቻችን በሚስዮኖች የደረሰባቸውን መከፋፈል የሚያውቅ ሰው የፍላድ ፎቶግራፍ እንዲሰቀል አይጠይቅም፤ እኛም አንጠይቅም። ነገር ግን የጠፋው ቋንቋችን ዝርዝር ሃይማኖታችንን ሊያጠፋ በመጣ ሰው እጅ መገኘቱ ራስን የሚያስመረምር ነው። ወዳጅ ሁሉ ጆሮ የለውም፤ ጆሮ ያለውም ሁሉ ወዳጅ አይደለም።

ፋይትሎቪች ከሁሉ ይከብዳል። የሃሌቪ ተማሪ ነበር፤ ለመጀመሪያ ጊዜ በ1904 ወደ ኢትዮጵያ ሄደ፤ በ1955 በቴል አቪቭ እስከሞተበት ጊዜ ድረስም እኛን አልተወም። ኮሚቴዎችን አቋቋመ፣ ከሃያ በላይ ልጆች ወደ አውሮፓና ወደ ምድረ እስራኤል ወስዶ አስተማረ፣ በአዲስ አበባ ትምህርት ቤት ከፈተ። ያለ እርሱ ዛሬ እዚህ ሃይፋ ላይ ተቀምጠን ይህን ክርክር ባላደረግን ነበር። ስለ ቋንቋ ግን ሁለት ፋይትሎቪች አሉ። አንዱ ሊቁ ነው፤ በ1906 «ሞተ ሙሴ»ን በግዕዝ ከነትርጉሙ ያሳተመ፣ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ የአማርኛ ምሳሌያዊ አነጋገሮችን በመጽሐፍ ያወጣ። ሁለተኛው አስተካካዩ ነው፤ ከቀረው የአይሁድ ዓለም ጋር እንድንመሳሰል መሥዋዕቱና ምንኩስናው እንዲቀር የመከረ፣ የነገው ቋንቋችን ዕብራይስጥ ነው ብሎ የሠራ። ሊቁ የሰበሰበውን አስተካካዩ ትናንት አደረገው። የግዕዝ ብራናዎችን የያዘው ቤተ መጻሕፍቱ ለቴል አቪቭ ተናዞ፣ አሁን በቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ ይገኛል፤ በዚያው ዩኒቨርሲቲ ዛሬ የኛ ልጆች ኦሪትን በግዕዝ እያነበቡ መመራመር ጀምረዋል። ይህ የሊቁ ፋይትሎቪች ፍሬ ነው ብንል አንሳሳትም።

ታምራት አማኑኤልን ፋይትሎቪች በ1905 በልጅነታቸው ከኢትዮጵያ ይዟቸው ወጣ። በፓሪስና በፍሎረንስ ተምረው ተመለሱ፤ የአዲስ አበባውን ትምህርት ቤት መሩ፤ በጣሊያን ወረራ ተሰደዱ፤ ኋላም መንግሥታቸውን በፓሪስ አገለገሉ፤ በ1963 በኢየሩሳሌም አረፉ። የቀሩት ደብዳቤዎቻቸው የሚያሳዩት ከመምህራቸው ጋር በሐሳብ እየተራራቁ የሄዱ ሰው ነው። የወገናቸውን ልማድ እንደ ስሕተት ዝርዝር ሳይሆን እንደ ቅርስ ማየት ጀምረው ነበር። ግድግዳው ግን «የፋይትሎቪች ደቀ መዝሙር» ብሎ አልፏቸዋል። አንድን ሰው ሰባ አምስት ዓመት ኖሮ ሲሞት በአሥራ ሰባት ዓመቱ ስም መጥራት አግባብ አይመስለንም።

ከአምስቱ ሁሉ «የቋንቋ ባለውለታ» የሚለው ስም ሳይጎድል የሚገባቸው፣ በእኛ አስተያየት፣ ዮና ቦጋለ ናቸው። የወለቃው ልጅ በኢየሩሳሌምና በፍራንክፈርት ተምረው፣ ሌላ ሥራ መያዝ እየቻሉ ዕድሜያቸውን ለወገን ጉዳይ ሰጡ፤ በ1979 እስራኤል ገቡ፤ በ1987 አረፉ። ሰው የሚያስታውሳቸው በየአገሩ እየዞሩ ስለ ወገናቸው በመጮሃቸው ነው። እኛ ግን በዕብራይስጥና በአማርኛ ባዘጋጁት መዝገበ ቃላት እናስታውሳቸዋለን፤ በየዓመቱ በአማርኛ እያተሙ ወደ መንደሮቹ በሚልኩት የበዓላት መቁጠሪያም እንዲሁ። መዝገበ ቃላት ትሑት ሥራ ነው፤ ማንም ቁጭ ብሎ እያለቀሰ አያነበውም። ነገር ግን ሁለቱን ቋንቋዎች በአንድ ገጽ ላይ እኩል ያስቀምጣቸዋል። አዲሱን ተማር ይላል፤ ስለዚህ አሮጌውን ጣል አይልም። ከፎቶግራፋቸው ሥር መዝገበ ቃላቱ አልተጠቀሰም።

ሌስላውንም በአጭሩ። የግዕዝና የአማርኛ ሊቅነቱ አያከራክርም። በ1947 መጥቶ ተዘዋውሮ፣ በ1951 ትእዛዘ ሰንበትንና ሌሎች መጻሕፍታችንን በእንግሊዝኛ ተርጉሞ አንድ ላይ አሳተመ። እነዚህ ሰዎች ሥነ ጽሑፍ አላቸው ብሎ ዓለም ያመነው በዚያ መጽሐፍ ነው ማለት ይቻላል፤ ምንም እንኳ በመጽሐፉ ርእስ ላይ ያለው ስማችን ዛሬ የማንወደው ቢሆንም። መጽሐፉ ግን ስለ እኛ ለሌላው የሚናገር እንጂ ለእኛ የሚናገር አይደለም።

ታዲያ ማን ጎደለ? ቄሶቹ ጎደሉ። ሃሌቪም ሆነ ፋይትሎቪች ሆነ ሌስላው ያሳተሙትን ሁሉ ያገኙት ጸሎቱን በቃላቸው ከያዙ፣ ብራናውን በቆዳ ማኅደር ከጠበቁ ሰዎች ነው። ከአንዳቸውም ፎቶግራፍ አልተሰቀለም። «ፎቶግራፋቸው አልተገኘም» ተባልን፤ ስም ብቻውን በወረቀት ላይ ቢሰቀል ምን ነበረበት? ግጥምና እንጉርጉሮ የያዙት፣ ሸክላውን ሲሠሩ የሸክላውን ቃል ለልጅ ያወረሱት እናቶችም ጎደሉ።

እንዲህ ስንል የከረመ ነገር የምንቆፍር የሚመስለው ሰው ካለ፣ በአዳራሹ መስኮት ወደ ውጭ ይመልከት። ወደቡ በ1933 ሲከፈት ከሠራተኞቹ መካከል ከተሰሎንቄ የመጡ አይሁድ ነበሩ፤ በመርከቡ ሆድ ውስጥ የሚጯጯሁት በላዲኖ ነው። አብዛኛው የተሰሎንቄ አይሁድ በ1943 በናዚዎች እጅ አለቀ። ላዲኖ እንዲህ ተመናምኖ ሳለ፣ አምስተኛው ፕሬዚዳንት የነበሩት ይስሐቅ ናቮንና ሌሎች ስለ ቋንቋው ተሟገቱ፤ በ1996 ክኔሴቱ ለላዲኖና ለይዲሽ ባህል በሕግ ባለሥልጣን አቋቋመ፤ የላዲኖውን የመሩት ናቮን ነበሩ። እኛ ስግድን በ2008 ብሔራዊ በዓል አሰኝተናል፤ ትልቅ ድል ነው። ነገር ግን በዓል በዓመት አንድ ቀን ነው፤ ቋንቋ ግን በየማለዳው ቡና ሲፈላ ነው የሚኖረው።

ወደ ሃዳር ከፍ ብትሉ ደግሞ የቴክኒዮንን አሮጌ ሕንፃ ታገኛላችሁ። በ1913 ገንዘብ ያወጣው የጀርመን አይሁድ ማኅበር ሳይንስ በጀርመንኛ ይሰጥ፣ ዕብራይስጥ ለዚህ አይበቃም ቢል፣ መምህራንና ተማሪዎች በየትምህርት ቤቱ አድማ መቱ፤ ዕብራይስጥም አሸነፈ። በዚህች ከተማ «ቋንቋህ አይበቃም» መባልን እምቢ ያሉ ሰዎች ነበሩ ማለት ነው። ከብዙ ዓመት በኋላ በዚህችው ከተማ ለእናቶቻችን «ልጁ ግራ እንዳይጋባ ቤት ውስጥም በዕብራይስጥ ብቻ አናግሩት» ተባለ። እናትየው የምታውቀው ዕብራይስጥ ከኡልፓን የያዘችው ሁለት መቶ ቃል ነው። በሁለት መቶ ቃል ልጅ ይመከራል? ይገሠጻል? ይህን ምክር ከሰጡት መካከል እኛ፣ በማኅበራዊ ሥራ ሙያ ያለን የወገን ልጆች፣ አለንበት። ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣን የተማርነውን ደገምን። ግድግዳውን ስንተች የራሳችንን ድርሻ ደብቀን አይደለም።

ስለ ኮርንዎል ሕዝብም ጥቂት እንበል። በእንግሊዝ ምዕራብ ጫፍ የሚገኝ የባሕር ጠረፍ ሕዝብ ነው፤ የራሱ ቋንቋ ነበረው። የመጨረሻዋ ተናጋሪ የምትባለው ዓሣ ሻጭ ዶሊ ፔንትሪዝ በ1777 ሞተች። ከመቶ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ሄንሪ ጄነር የተባለ የብሪቲሽ ሙዚየም ሠራተኛ ከአሮጌ ጽሑፎች ለቅሞ በ1904 የቋንቋውን መማሪያ አሳተመ፤ ፋይትሎቪች ወደ ኢትዮጵያ በሄደበት ዓመት መሆኑ ነው። ሌሎች ተከተሉት፤ በ2002 የብሪታንያ መንግሥት ቋንቋውን አወቀው። ጄነር ጀግና ነው። ሆኖም የሚጠይቀው አፍ አልነበረውም፤ ቃሉ እንዴት ይባል እንደነበር ተከታዮቹ ብዙ ዓመት ተከራክረዋል። የዶሊ ጎረቤቶች በጊዜው ቁጭ ብለው ቢያዳምጧት ኖሮ ከዚያ ክርክር ብዙው ባልኖረ ነበር።

በዚያው ሰሞን አንዲት የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ስልኳን ይዛ ወደ እኛ መጣች። አያቷ ስለ ልጅነታቸው ሲያወሩ ለትምህርት ቤት ሥራ ቀድታቸዋለች፤ የቀዳችውን ግን ራሷ አትሰማውም። እንድንተረጉምላት ነው የመጣችው። አያቷ በ1999 ከቋራ የመጡ ሸክላ ሠሪ ናቸው። ቁጭ ብለን ሰማን፣ ተረጎምን፤ አንድ ቦታ ላይ ግን ቆምን። ሸክላው ሳይደርቅ የሚለሰልስበትን ድንጋይ በአንድ ቃል ጠሩት፤ ቃሉ አማርኛ አይደለም። ያነጋገርናቸው ሁለት ሽማግሌዎችም አላወቁትም። ልጅቷ ለአያቷ ደወለች። አሮጊቷ ሳቁ፤ «እሱማ የእናቴ ቃል ነው፤ እናንተ ከየት ታውቁታላችሁ?» አሉ። ሌላስ የእናትዎን ቃል ያስታውሳሉ ወይ አልናቸው። «የሚጠይቀኝ ሰው ካለ መች ጠፋኝ» አሉን።

ልጅቷ ፊደል አታውቅም። ቃሏን በዕብራይስጥ ሆሄ በትንሽ ወረቀት ጻፈችና፣ ማንንም ሳትጠይቅ ከዮና ቦጋለ ፎቶግራፍ አጠገብ በመርፌ ቁልፍ ሰካቻት። ግድግዳው ሲነሳ ፎቶግራፎቹ ወደ ሳጥን ተመለሱ። ወረቀቷን እኛ ወስደናታል፤ የሚቀጥለው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ደግሞ አሮጊቷ ቤት ቡና ተጠርተናል፤ ልጅቷም ስልኳን ይዛ ትመጣለች።